ዕደ ጥበብ በሙዚየም አዳራሽ፦ የሠሪው ስም የት አለ?

የአንድ ሕዝብ የኑሮ ደረጃና የውበት ስሜት ከሚታወቅባቸው ምስክሮች አንዱ የእጅ ሥራው ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ፣ ማዕድ የሚቀርብበት ሞሰብ፣ የሚለበሰው ሸማ፣ የሚቀመጡበት በርጩማ ከአገልግሎታቸው ባሻገር የሠሪያቸውን አሳብና የአካባቢያቸውን ልማድ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ ዕቃዎች ከጓዳና ከገበያ ወጥተው በሙዚየም አዳራሽ ለሕዝብ መታየት የጀመሩት በቅርብ ዘመን ነው። ለመዘግየቱ ምክንያት የሆነው የሙዚየም ሥራ ለአገራችን አዲስ መሆኑ ብቻ አልነበረም፤ ሥራውን እየተጠቀመ ሠሪውን የሚንቅ አመለካከት ሥር ሰድዶ መኖሩም ጭምር ነው።

ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ አንድ ትልም ማውጣት አይችልም ነበር። ያም ሆኖ ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ቡዳ እያለ ይሸሸው ነበር። ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ተብሎ ይሰደብ ነበር። ሸክላ ሠሪዋም ገንቦዋ በየቤቱ ሲገባ እርሷ ከደጅ ትመለሳለች። በብዙ አካባቢም ባለሙያዎቹ ርስት እንዳይዙና ከሌላው ጋር በጋብቻ እንዳይተሳሰሩ ተደርገው ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚነቅፍ ዐዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ስፋት ያስረዳል። ዐዋጁ ግን የዘመናትን ልማድ በአንድ ቀን ሊሽረው አልቻለም።

የእጅ ሥራዎችን በጥናት የመሰብሰብ ተግባር መልክ የያዘው በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነበረው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ከመጻሕፍቱ ጎን ለጎን ሥዕሎችን፣ መስቀሎችንና የቤት ቁሳቁሶችን ያሰባስብ ጀመር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። በ1955 ዓ.ም. በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረትም ሙዚየሙ የተቋሙ አካል ሆነ።

ይህ ሕንፃ ብዙ አይቷል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው፣ ከዚያም የአዲስ አበባ ሕዝብ የተጨፈጨፈበት ዘግናኝ ቀን የጀመረው በዚሁ ቅጥር ግቢ ነው። ኋላም የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ሆኗል። ትናንት የመኳንንት መመላለሻ በነበረው በዚህ ቤት ውስጥ የሸማኔው፣ የቀጥቃጩና የሸክላ ሠሪዋ ሥራ በክብር መቀመጡ በኢትዮጵያ የባህል ታሪክ ውስጥ ትልቅ እርምጃ ነው።

ዕቃን መሰብሰብ ግን የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። የዐውደ ርእይ አዘጋጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ዕቃዎቹን በምን ሥርዓት ላስቀምጣቸው የሚል ነው። በየክፍለ ሀገሩ ቢመድባቸው የሐረሩ ስፌት፣ የጋሞው ጥጥ ሥራ፣ የጅማው ከአንድ ግንድ የተጠረበ ባለ ሦስት እግር በርጩማ እያንዳንዱ በራሱ ጠባይ ጎልቶ ይታያል። ሆኖም የዶርዜው ሸማኔ አዲስ አበባ ተቀምጦ የከተማውን ጥለት እንደሚሠራ፣ ዕቃውም ባለሙያውም ከአገር አገር እንደሚዘዋወር ይዘነጋል። በየዓይነታቸው ቢደረድራቸው ሞሰብን ከሞሰብ ለማነጻጸር ይመቻል፤ ነገር ግን ሞሰቡ ከማዕዱ ይለያል። ሦስተኛው መንገድ በተቋሙ ሙዚየም የሚታየው ነው፤ ይኸውም ከልደት ጀምሮ በልጅነትና በጉልምስና አልፎ እስከ ሞት ድረስ የሰውን ሕይወት ተከትሎ መደርደር ነው። በዚህ አደረጃጀት የሰሜኑና የደቡቡ፣ የደጋውና የቆላው ዕቃ በአንድ የሰው ልጅ ጉዳይ ዙሪያ ይገናኛል። ይህም ታላቅ ብልሃት ነው። ቢሆንም በሦስቱም መንገዶች ዕቃው ስለ ሕዝብ፣ ስለ ዓይነት ወይም ስለ ልማድ ሲናገር፣ ስለ ሠራው ሰው ዝም ሊል ይችላል።

ይህ ዝምታ ከዕቃው ተፈጥሮ የመጣ አለመሆኑን የሐረሪ ቤት ያስረዳል። በጀጎል ግንብ ውስጥ ባለው ባህላዊ ቤት ከፍና ዝቅ ካሉት መደቦች በላይ ያለው ግድግዳ በስፌት ሥራዎች ያሸበረቀ ነው። የስፌቶቹ አሰቃቀል የዘፈቀደ አይደለም፤ እንደየመጠናቸው፣ እንደየጥለታቸውና እንደየአገልግሎታቸው የየራሳቸው ስፍራ አላቸው። ልጃገረዶች ሙያውን የሚማሩት ከታላላቆቻቸው ሥር ተቀምጠው ነው፤ የተሰፋውም በሠርግ ጊዜ ከሙሽራዪቱ ጋር ይሄዳል። የቤቱ እመቤት እንግዳዋን ተቀብላ ይህን እናቴ፣ ያንን አክስቴ፣ ይኸኛውን እኔ ራሴ ሰፋሁት ብላ ልታሳየው ትችላለች። እንግዲህ የሐረር ሴቶች ሙዚየም የሚባል ነገር ሳይታወቅ ዐውደ ርእይ ያዘጋጁ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የእነርሱም ዐውደ ርእይ የሠሪዋን ስም አያጣም። ያው ስፌት ከግድግዳው ወርዶ፣ በነጋዴ እጅ አልፎ ሙዚየም ሲገባ ግን የሚቀርለት «የሐረር ስፌት» የሚል ስያሜ ብቻ ይሆናል።

ለዘመናዊው ሠዓሊ የተሰጠው ዕድል ከዚህ የተለየ ነው። በ1924 ዓ.ም. እዚያው ሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥራዎቹ በስሙ ይታወቃሉ፤ በአዲስ አበባም በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ይህ የሚገባው ክብር ነው። ነገር ግን በአንድ ከተማ ከተወለዱ ሁለት ባለሙያዎች አንዱ በስሙ ሲጠራ ሌላዋ በአገሯ ስም ብቻ የምትጠራበትን ምክንያት የጥበብ ደረጃ አያስረዳውም። አሮጌው ንቀት ስድብ መሆኑን ትቶ ዝምታ ሆኖ እንደ ቀጠለ ይቈጠራል።

አንድ ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከጥንቱ የሥዕል ታሪካችን መረዳት ይቻላል። በ15ኛው ምእተ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን የተባለ መነኩሴ የሣለው የእመቤታችን ሥዕል በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። ሠዓሊው ማን እንደ ሆነ የታወቀው በሥዕሉ ላይ ስሙ ተጽፎ በመገኘቱ ነው። ከዚያች አንዲት ጽሑፍ ተነሥተው ተመራማሪዎች አሣሣሉን ከሌሎች ስም ከሌላቸው ገበታዎች ጋር በማመሳከር የእርሱን ፈለግ ለመለየት ችለዋል።

በተቃራኒው ስም ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የኮንሶ ዋካ ምስክር ነው። ከእንጨት ተጠርቦ በጀግና መቃብር ላይ የሚቆመው ዋካ በደፈናው የሰው ምስል አይደለም፤ እገሌ የተባለውን ሟች ከሚስቶቹና ከገደላቸው ጠላቶች ወይም አራዊት ጋር የሚያስታውስ ነው። ተሰርቆ ሲሸጥ ግን የሟቹም የጠራቢውም ስም አብሮ ይጠፋል፤ በገዢው ሳሎን የሚቆመው የእንጨት ምስል ብቻ ይሆናል። ከሌቦች እጅ የተመለሱት ዋካዎች በኮንሶ በተሠራ ሙዚየም እንዲጠበቁ መደረጉ ቢያንስ ስማቸው ሊጠየቅ ወደሚችልበት አገር መልሷቸዋል።

በጎንደር አጠገብ በወለቃ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ታሪክም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እነዚህ ሴቶች ከድስትና ከጀበና ሌላ ለመንገደኛ የሚሸጡ ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን ይሠሩ ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ከወገኖቻቸው ጋር ወደ እስራኤል ሲሄዱ ምስሎቹ በየቦታው ተበትነው ቀሩ። ሠሪዋ በሕይወት ሳለች፣ ከመንደሯም ሳትርቅ ያልተጠየቀ ስም ኋላ ተፈልጎ አይገኝም።

ስለሆነም የዘመኑን የእጅ ጥበብ ለማሳየት የሚዘጋጅ ዐውደ ርእይ ከጥንት ቅርስ ትርኢት የበለጠ ዕድልና የበለጠ ግዴታ አለበት። ዕድሉ ሠሪው በሕይወት መኖሩ ነው፤ ግዴታውም እርሱን መጠየቅ ነው። ማን ሠራው? ከማን ተማረው? በምን ሠራው? ለማን ሸጠው? እነዚህ አራት ጥያቄዎች በአንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ ሊመለሱ ይችላሉ። ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን በእጅ ከተፈተለ ጥጥ ቢያደርገው ይህም እንደ ጉድለት ሳይደበቅ እንደ ታሪክ መመዝገብ አለበት፤ ሕያው ጥበብ ዘመኑን መምሰሉ አይቀርምና።

የባለሙያው ሥራ ቤተ መንግሥት በነበረው አዳራሽ ከገባ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሠሪው ራሱ በስሙ ተጠርቶ በዚያው በር ሲገባ በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ የተጀመረው ነገር ፍጻሜ ያገኛል።