በቨርጂኒያ ግዛት የተሽከርካሪ መድን ግዴታና የማሽከርከር ደንቦች

በዩናይትድ ስቴትስ የግል ተሽከርካሪ መድን በዋናነት የሚወሰነው በየግዛቱ ሕግ ነው። በመሆኑም በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር ሰው የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቤት በቀየረ ቁጥር የሚተዳደርበት ደንብም አብሮ ይለወጣል። በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ የሚኖሩባት ቨርጂኒያ በቅርብ ዓመታት የመድን ሕጓን በጉልህ አሻሽላለች።

ግዛቲቱ ቀደም ሲል ከአብዛኞቹ የሚለያት አሠራር ነበራት። መድን መግባት ያልፈለገ ባለንብረት 500 ዶላር ለግዛቱ ከፍሎ ተሽከርካሪውን ማስመዝገብ ይችል ነበር። ክፍያው ግን ምንም ሽፋን አያስገኝም፤ አደጋ ያደረሰው ሰው ካሣውን በሙሉ ከራሱ ሀብት መክፈል ይጠበቅበት ነበር። ይህ አማራጭ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ቨርጂኒያ ውስጥ መድን ግዴታ አይደለም የሚለው ምክር ዛሬም ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ቢሰማ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ማወቅ ይገባል።

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ በሚገቡ ወይም በሚታደሱ ውሎች ዝቅተኛው የሽፋን መጠን ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት ወይም ሞት 50 ሺህ ዶላር፣ በአንድ አደጋ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ሲጎዱ በድምሩ 100 ሺህ ዶላር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 25 ሺህ ዶላር ነው።

እነዚህ አኃዞች ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይተረጎማሉ። ገንዘቡ የሚከፈለው ጥፋተኛው አሽከርካሪ ለጎዳው ለሌላው ወገን ነው፤ የራሱን መኪና ማስጠገኛ አይደለም። በአገር ቤት የሦስተኛ ወገን መድን የሚባለውን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳትም ከአሽከርካሪው ላይ አይወርድም። ለምሳሌ የአንድ ተጎጂ ጉዳት 70 ሺህ ዶላር ቢገመትና አሽከርካሪው ዝቅተኛውን ሽፋን ብቻ የያዘ ቢሆን፣ መድን ሰጪው 50 ሺህ ይከፍላል፤ ለቀሪው 20 ሺህ ተጎጂው አሽከርካሪውን በፍርድ ቤት ሊጠይቀው ይችላል። በአሜሪካ የሆስፒታል ዋጋ ይህ ሩቅ ግምት አይደለም። ስለዚህ ዓረቦን ለመቀነስ ሲባል ዝቅተኛውን መጠን መምረጥ ቤትና ቁጠባ ላለው ቤተሰብ የሚያዋጣ አይመስልም።

መድን በሌለው ወይም ገጭቶ ባመለጠ አሽከርካሪ ለሚደርስ ጉዳት የሚያገለግል ሽፋንም በውሉ ውስጥ እንዲካተት የግዛቲቱ ሕግ ያዛል።

ከሁሉ በላይ ብዙዎች ሳያውቁት የሚጎዱበት ድንጋጌ ግን የካሣ ሕጉ ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች ተጎጂው ራሱ ከፊል ጥፋት ካለበት ካሣው በጥፋቱ ልክ ይቀነሳል። በቨርጂኒያ፣ እንዲሁም በጎረቤቷ ሜሪላንድ፣ ለአደጋው ምክንያት የሆነ ጥቂት ጥፋት እንኳ በተጎጂው ላይ ከተረጋገጠ በመርሕ ደረጃ ካሣውን በሙሉ ሊያሳጣው ይችላል። አደጋ በደረሰበት ቦታ፣ ምናልባትም በትሕትና፣ “ጥፋቱ የእኔም ነው” ብሎ መናገር የሚያስከትለው መዘዝ ከዚህ ይመነጫል። ስም፣ አድራሻ፣ የመንጃ ፈቃድና የተሽከርካሪ ምዝገባ መረጃ መስጠት፣ ለተጎዳ ሰው ተገቢውን እርዳታ ማድረግ ግን የሕግ ግዴታ ነው።

በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ የሚያመላልሱ ወገኖች የግል መድን ውላቸው በአብዛኛው ለሥራ የሚደረግን ጉዞ እንደማይሸፍን ልብ ሊሉ ይገባል። በቨርጂኒያ ሕግ አሽከርካሪው ጥሪ ከተቀበለበት ጊዜ ጀምሮ ተሳፋሪውን እስኪያወርድ ድረስ 1 ሚሊዮን ዶላር ሽፋን መኖር አለበት። መተግበሪያውን ከፍቶ ጥሪ በሚጠባበቅበት ጊዜ ያለው ሽፋን ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

መድን ሰጪዎች የውል መቋረጥን ለግዛቲቱ የሞተር ተሽከርካሪዎች መምሪያ ስለሚያሳውቁ፣ መኪናው ቆሞ ቢውልም ሰሌዳው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ መድን ሊኖረው ይገባል። ለወራት ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዝ ሰው መድኑን ከማቋረጡ በፊት ሰሌዳውን ከአገልግሎት ውጭ ማስደረግ ወይም መመለስ ይኖርበታል። ይህን ሳይፈጽም የቀረ የ600 ዶላር ክፍያና የመንጃ ፈቃድና የምዝገባ እገዳ ሊገጥመው ይችላል፤ ለ3 ዓመታትም መድን ስለመያዙ ልዩ ማረጋገጫ እንዲቀርብ ይጠየቃል።

አዲስ ነዋሪ ከሌላ ግዛት ይዞት የመጣውን መኪና በ30 ቀናት ውስጥ ማስመዝገብ፣ የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ ደግሞ በ60 ቀናት ውስጥ ማውጣት አለበት።

ከማሽከርከር ደንቦቹ መካከል የፍጥነቱ በተለይ የጠነከረ ነው። ከተፈቀደው በሰዓት 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ አልፎ፣ ወይም የመንገዱ ወሰን ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ ማሽከርከር ተራ የትራፊክ ቅጣት ሳይሆን በግዴለሽነት የማሽከርከር ወንጀል ነው። በ55 ማይል መንገድ ላይ 75 የነዳ ሰው በዚሁ ይከሰሳል። የቅጣቱ ጣሪያ የ12 ወር እስራትና 2 ሺህ 500 ዶላር ሲሆን፣ ጥፋቱ በአሽከርካሪው መዝገብ ላይ ለ11 ዓመታት ይቆያል። ስልክ በእጅ ይዞ ማሽከርከር እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የተከለከለ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ 125፣ ሲደጋገም 250 ዶላር ያስቀጣል። ተማሪ ለማሳፈር ወይም ለማውረድ የቆመን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ማለፍም እንደ ግዴለሽ ማሽከርከር ሊያስከስስ ይችላል፤ መንገዱ በአካፋይ ካልተለየ በስተቀር ከፊት ለፊት የሚመጣውም ተሽከርካሪ መቆም አለበት።