የራስ ቁስል ሚዛን በይፋት

ዛሬ በይፋት ቆላ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በጠብ መሐል በዱላ የተፈነከተ ሰው ጉዳዩን ፍርድ ቤት ሲያደርስ የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሆን ተብሎ የደረሰን የአካል ጉዳት በዋናነት በሁለት ይመድባል፤ በአንቀጽ 555 ከባድ፣ በአንቀጽ 556 ቀላል። በዚሁ ቆላ ግን ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ቃዲዎች (የሸሪዓ ዳኞች) የሚከተሉት ሕግ የራስንና የፊትን ቁስል ብቻ በአሥር ደረጃ ይለይ ነበር። የራስ ቅልን ንብርብር እየለየ ወደ ይፋት የገባው ዕውቀት የመጣው ከካሳ ሕግ ነው ባይ ነኝ፤ ከሐኪም ቤት አለመምጣቱም አያሳንሰውም።

የይፋት ገዥዎች ወላስማዎች የሸዋን ሱልጣኔት የጠቀለሉት በ1285 እ.ኤ.አ. ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ዐረባዊ ደራሲ አል-ዑመሪ የይፋት ንጉሥና አብዛኛው ሕዝብ የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ፈለግ) ተከታይ መሆናቸውን መዝግቧል፤ የአካባቢው አርጎባዎች እስከ ዛሬ ሻፊዒ ናቸው። በ1277 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም ነወዊ ያዘጋጁት፣ በወሎና በሐረር ደረሶች ሲቀሩት የኖሩት የሕግ መጽሐፍ ሚንሃጅ አሥሩን ደረጃዎች በተራ ይዘረዝራል። ሚዛኑ ግን የእሳቸው ፈጠራ አይደለም፤ የይፋት ቃዲ የትኛውንም የመዝሀቡን መጽሐፍ ቢይዝ ያንኑ ያገኛል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ቆዳን ከመጫር ተነሥተው፣ ደም ከማውጣትና ሥጋን ከመሰንጠቅ አልፈው፣ አጥንቱን እስከሸፈነው ስስ ሽፋን ይወርዳሉ። ስድስተኛው ሙዲሃ አጥንትን ይገልጣል፤ ሰባተኛው ይሰብራል፤ ስምንተኛው ስብራቱን ከቦታው ያናጋል፤ ዘጠነኛው አንጎል ሽፋን ይደርሳል፤ አሥረኛው ሽፋኑን ይቀዳል። የሙሉ ነፍስ ካሳ 100 ግመል ሲሆን ለሙዲሃ 5፣ ለተሰበረው 10፣ ለተናጋው 15፣ ሽፋኑ ድረስ ለዘለቀው ሲሶ ይከፈላል። ከአጥንት በላይ ለቀረው ቁርጥ ያለ ተመን የለም፤ ቃዲው ይገምታል። ድንበሩ አጥንት የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቁስልን በቁስል መበቀል የሚፈቀደው እኩል መለካት ሲቻል ብቻ ነው፤ የሥጋ ጥልቀት ያከራክራል፣ ነጭ አጥንት ግን ለከሳሽም ለተከሳሽም እኩል ይታያል። በሕክምናም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፤ ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ የተጻፈው የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ ከያዛቸው 48 ሕሙማን 27ቱ ራሳቸውን የቆሰሉ ናቸው፤ እሱም ከሥጋ ወደ አጥንት፣ ከአጥንት ወደ አንጎል ሽፋን ይወርዳል። ሐኪሙና ዳኛው በየበኩላቸው አንድ መንገድ መርጠዋል።

አንድ ሐኪም ግን እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይችላል። በጥልቀት የሚለካ ሚዛን ቆዳ ሳይቀደድ የሚገድለውን ጉዳት አያይም። በጆሮ ግንድ በኩል የራስ ቅል ስስ ነው፤ ከሥሩ የሚያልፈው የደም ሥር በምት ሲበጠስ ሰውዬው ተነሥቶ ሲያወራ ውሎ ማታ ራሱን ሊስት ይችላል። ትችቱ ትክክል ነው፤ ሕጉ ግን ከቁስል ሌላ ሁለተኛ መለኪያ ነበረው፤ የጠፋውን ችሎታ ይተምናል። አእምሮን፣ መስማትን፣ ማየትን፣ ማሽተትን ያጣ ሰው ለእያንዳንዱ ሙሉ ካሳ አለው፤ ራሱ ላይ ጭረት ባይኖርም። እዚህ ላይ ነው ሕጉ ወደ ሕክምና ምርመራ በጣም የሚጠጋው። ደነቆርኩ የሚል ሰው ተኝቶ ወይም ተዘናግቶ ሳለ ይጮኽበታል፤ ከደነገጠ ውሸቱ ወጣ። ማሽተት አልችልም ያለ መልካምና መጥፎ ሽታ ይቀርብለትና ፊቱ ይታያል። የአንድ ዓይን ብርሃን ሲደክም ዓይኖቹ በየተራ ይሸፈናሉ፤ ከፊቱ የቆመ ሰው እስኪሰወር ድረስ ወደ ኋላ እየሄደ ርቀቱ ይነጻጸራል። ዕይታው ይመለስ እንደሆነ የሚጠየቁት ባለሙያዎች ናቸው። የማሽተት ነገር ቀልድ አይደለም፤ የሽታ ነርቮች በአፍንጫ ጣሪያ ላይ እንደ ወንፊት በተበሳ አጥንት ስለሚያልፉ ማጅራትን የመታ ዱላ እንኳ ሊበጥሳቸው ይችላል።

ሚዛኑ በእውነት የሚደክመው ፊት ላይ ነው። ለራስ የሠራውን የጥልቀት መሰላል ለፊትም አዋሰ፤ የፊት አጥንት ግን በጥልቀት ሳይሆን በደካማ መስመሮቹ አቋርጦ ይሰበራል። ፈረንሳዊው ሐኪም ረኔ ለ ፎር እነዚህን መስመሮች የለየው በ1901 እ.ኤ.አ. ነው። ሕጉ ይህን ክፍተት የሞላው ለጥርስ 5 ግመል፣ ለሁለት መንጋጋ ሙሉ ካሳ እያለ ብልትን በመቁጠር ነው፤ ሥራ ያሠራል፣ የስብራቱን አካሄድ ግን አያስረዳም።

ቆላው የሚተዳደረው በሽማግሌ እንጂ በኪታብ (በሕግ መጽሐፍ) አልነበረም የሚል ሌላ ተቃውሞም አለ። የአፋር ባህላዊ ሕግ መዳአ፣ የኦሮሞ የደም ካሳ ሥርዓት ጉማ፣ የአማራው የደም ካሳ ሁሉ በድርድር የሚቋጩ ናቸው፤ ስንት ግመል ወይም ስንት ከብት ይከፈል የሚለው እንደ ጎሣውና እንደ ዘመኑ ይለያያል። ነገር ግን የሚለዋወጠው ዋጋው ነው። ግመል በከብት ወይም በብር ቢተካ አጥንት የታየበትን ካልታየበት የሚለየው ድንበር ባለበት ይቆያል። ዛሬ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በጋብቻ፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሰሎቻቸው ስለተወሰነ የራስ ቁስል ከቃዲው መዝገብ ወጥቷል፤ ወንጀሉ ለመደበኛው ፍርድ ቤት፣ እርቁ ለሽማግሌዎች ተከፍሏል።