የዲትሮይት ኦቶማቲክ ካምቢዮዎች ፉክክርና የአስተማማኝነት ጥያቄ

የአውቶሞቢል ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ሞተሩ ነው። ካምቢዮው ከወለሉ ሥር ተደብቆ የሚሠራ በመሆኑ፣ ባለቤቱ እስኪበላሽበት ድረስ መኖሩንም አያስታውሰው። ይህ ከሁሉ ይልቅ በኦቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ይታያል። ነጂው ፍሪሲዮን ከመርገጥና ማርሽ ከማስገባት ተገላግሎ መንገዱን ብቻ እያየ እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ሥራውን በሚገባ ሲፈጽም የማይታይ፣ ሲበላሽ ግን ኪስ የሚያራቁት መሣሪያ ነው። በመሆኑም «የትኛው ኩባንያ የሠራው ይበልጥ ያስተማምናል?» የሚለው ጥያቄ ነጂዎችንና መካኒኮችን ከ80 ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ ጎልቶ የታየው በዲትሮይት ታላላቅ ኩባንያዎች መካከል ስለሆነ፣ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የእነርሱን ፉክክር ነው። ዓመቶቹም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በብዛት ተሠርቶ ለሕዝብ የተሸጠው የመጀመሪያው ሙሉ ኦቶማቲክ ካምቢዮ የጄኔራል ሞተርስ «ሃይድራማቲክ» ነው። የሥራው መሪ ኤርል ቶምሰን ነበሩ፤ እኚህ መሐንዲስ ከዚያ ቀደም በእጅ የሚለወጠው ማርሽ ሳይፋጭ እንዲገባ የሚያደርገውን የሲንክሮሜሽ ዘዴ ፈልስፈው፣ ዘዴው በ1928 በካዲላክ መኪና ላይ ውሎላቸዋል። ሃይድራማቲክ በ1939 መጨረሻ ላይ፣ በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ተገጥሞ ገበያ ወጣ። ለዚሁ የሚጨመረው ዋጋ 57 ዶላር ነበር። ካምቢዮው የሞተሩን ኃይል የሚቀበለው በፍሪሲዮን ሳይሆን፣ ፊት ለፊት በተቀመጡ ሁለት ክንፋም መዘውሮች መካከል በሚሽከረከር ዘይት አማካይነት ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉትን አራት የፊት ማርሾች የሚያስገኙት፣ በፀሐይና በፕላኔቶች አምሳል የተደራጁ ጥርሶች፣ እነርሱንም የሚይዙና የሚለቁ ቀበቶዎችና ዲስኮች ናቸው። የትኛው ማርሽ መቼ እንደሚገባ የሚወስነው የዘይት ግፊት ሲሆን፣ ግፊቱም ከመኪናው ፍጥነትና ከነዳጅ መርገጫው አቀማመጥ ጋር ይለዋወጣል።

ሃይድራማቲክ ገና ከገበያው ሳይላመድ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካን አገኛት። ኤም 5 ስቱዋርት እና ኤም 24 ቻፊ የተባሉት ቀላል ታንኮች እያንዳንዳቸው ሁለት የካዲላክ ሞተርና ሁለት ሃይድራማቲክ ተገጠመላቸው። ለቤተሰብ መኪና የታሰበ ካምቢዮ ጭቃና አሸዋ ውስጥ ታንክ ሲጎትት መዋሉ፣ ከጦርነቱ በኋላ ለኩባንያው ማስታወቂያ ትልቅ ርእስ ሆነ። ይሁን እንጂ ከማስታወቂያው ይልቅ የሚያሳምነው ሌላ ምስክር ነው። የፎርድ ኩባንያ ለሊንከን መኪናው፣ ናሽ፣ ሃድሰንና ካይዘርም እንዲሁ ከተፎካካሪያቸው ከጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክን እየገዙ ገጠሙ። የእንግሊዙ ሮልስሮይስም ፈቃድ ገዝቶ በራሱ ፋብሪካ አመረተው። ሰው የባላጋራውን ዕቃ በገንዘቡ ገዝቶ ስሙን በተሸከመው መኪና ላይ ሲያስቀምጥ፣ ስለዕቃው የሚሰጠው ፍርድ ከሁሉ የበለጠ ክብደት አለው።

ሃይድራማቲክ ግን ማርሽ ሲቀይር ተሳፋሪውን ገፋ ያደርግ ነበር። ይህም ለቢዩክ መሐንዲሶች አልጣማቸውም። ቢዩክ የዚያው የጄኔራል ሞተርስ ክፍል ሆኖ ሳለ በ1948 «ዳይናፍሎ» የተባለውን የራሱን ካምቢዮ አወጣ። በዳይናፍሎ ውስጥ የመዞርን ኃይል የሚያባዛው ቶርክ ኮንቨርተር ስለሆነ፣ መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ እስከ ከፍተኛ ፍጥነት ሲደርስ ማርሽ አይቀየርም። ልስላሴው የተመሰገነውን ያህል ዳተኛነቱ ተነቅፏል፤ ነዳጅም ይበላ ነበር። ይሁን እንጂ በየመገናኛው የሚያዝና የሚለቀቅ ዲስክ ስለሌለበት፣ የሚያልቀው ነገርም ጥቂት ነው። ሆኖም አንዳንድ ችኩል ነጂዎች መኪናውን በዝቅተኛው ማርሽ በእጅ አስነሥተው፣ እየከነፉ ወደ ከፍተኛው መወርወር ለመዱ። በ1950 የወጣው የሸቭሮሌ «ፓወርግላይድ» ባለቤቶችም ይህንኑ ያደርጉ ስለነበር፣ ሸቭሮሌ በ1953 ካምቢዮው ራሱ በዝቅተኛው ማርሽ ተነሥቶ ራሱ እንዲቀይር አድርጎ አሻሻለው።

በዚሁ በ1953፣ ነሐሴ ላይ፣ በሚሺጋን ክፍለ ሀገር ሊቮኒያ በሚባል ከተማ የነበረው የሃይድራማቲክ ፋብሪካ በእሳት ወደመ። ኩባንያው በጦርነቱ ዘመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይሠራበት የነበረውን የዊሎው ራን ሕንፃ ይዞ በጥቂት ወራት ውስጥ ምርቱን ቢቀጥልም፣ እስከዚያው ድረስ ካዲላክና ኦልድስሞቢል ዳይናፍሎን፣ ፖንቲያክም ፓወርግላይድን ገጥመው መሸጥ ግድ ሆነባቸው። ያ አጋጣሚ አንድ ዓይነት መኪና በሁለት ልዩ ልዩ ካምቢዮ መንገድ ላይ እንዲታይ አድርጓል። በቤተ ሙከራ ቢታሰብ እንኳ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ በቀላሉ አይገኝም።

የማነጻጸር ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ካምቢዮ ብቻውን አይሄድም። ደካማ ሞተር በተገጠመለት መኪና 20 ዓመት የሚያገለግለው፣ በከባድ መኪና ላይ በብርቱ ሞተር ቢነዳ በጥቂት ዓመታት ሊያልቅ ይችላል። ተጎታች የሚስብ፣ ዳገት ለዳገት የሚውልና ዘይቱ የሚግል አንድ ነገር ነው፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የሚመለስ ሌላ ነገር ነው። ባለቤቱ ዘይት ለውጧል ወይስ አልለወጠም? የለወጠውስ በየትኛው ዘይት ነው? የተበላሸውን ብቻ የሚያየው መካኒክ በብዛት የተሸጠውን መኪና ደጋግሞ ስለሚያገኘው፣ ያንኑ ደካማ ነው ብሎ ቢፈርድ አይደንቅም።

ይህን ፈተና በመራራ መንገድ ያየው የፓካርድ ኩባንያ ነው። ከታላላቆቹ ውጪ ራሱን ችሎ የኦቶማቲክ ካምቢዮ የሠራ የአሜሪካ አውቶሞቢል አምራች ፓካርድ ብቻ ነው። በ1949 ያወጣው «አልትራማቲክ» መኪናው ከተፋጠነ በኋላ ቶርክ ኮንቨርተሩን ቆልፎ ኃይሉን በቀጥታ የሚያስተላልፍ ዲስክ ነበረው፤ ይህም ነዳጅ እንዳይባክን ይረዳል። የተመሰገነ ሥራ ነበር። በ1955 ግን ኩባንያው አዲስ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አመጣ፤ ካምቢዮውም ከዚህ ብርታት ጋር እንዲስተካከል ተሻሽሎ «ትዊን አልትራማቲክ» ተባለ። የኩባንያው አቅም ግን ተዳክሞ ነበርና መሣሪያው በቂ ፈተና ሳያልፍ በደንበኞች እጅ ገባ። ብልሽቱ በዛ፤ የዋስትናው ወጪና የስሙ ጉድፈት ተከታተሉ። በ1956 በዲትሮይት የፓካርድ መኪና መሠራት አበቃ። ኩባንያውን ካምቢዮው ብቻ ገደለው ማለት ግፍ ይሆናል፤ ከታላላቆቹ ጋር በዋጋ መወዳደር ተስኖት ነበርና። ሆኖም መኪናውን ለክብሩ ሲል ይገዛ የነበረ ደንበኛ ከመንገድ ዳር ቆሞ ጎታች ሲጠብቅ ምን ያስብ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ያ የመቆለፊያ ዲስክ በ1978 በክራይዝለር ካምቢዮዎች ላይ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያም የሌሎቹም ልማድ ሆነ።

ጄኔራል ሞተርስም ከዚህ ዓይነቱ ስሕተት አላመለጠም። ሸቭሮሌ በ1957 «ተርቦግላይድ» የተባለ ሦስት ተርባይን ያለው እጅግ ለስላሳ ካምቢዮ አቀረበ። በዚያው ዘመን ባለ ሁለት ማርሹ ፓወርግላይድም ይሸጥ ነበር። ተርቦግላይድ በውስብስብነቱ ጣጣ አብዝቶ ከ1961 በኋላ ሲቀር፣ ተራው ፓወርግላይድ እስከ 1973 ዘለቀ፤ በእሽቅድምድም መኪናዎች ላይም ዛሬ ድረስ ይገኛል። ከአንድ ኩባንያ፣ ያውም ከአንድ መሸጫ ቤት የወጡ ሁለት ካምቢዮዎች እንዲህ ከተለያዩ፣ «የእገሌ ኩባንያ ካምቢዮ ጠንካራ ነው» የሚለው አባባል ብዙ እንደማያስኬድ ግልጽ ነው።

ክራይዝለር ወደ ፉክክሩ ዘግይቶ ገባ። ባለ ሁለት ማርሹን «ፓወርፍላይት» ያወጣው በ1953 ሲሆን፣ በ1956 ደግሞ ባለ ሦስት ማርሹን «ቶርክፍላይት» አስከተለ። የዚህ ካምቢዮ ውስጠኛ አደረጃጀት ቀደም ሲል በፎርድ የሠሩት መሐንዲስ ሃዋርድ ሲምሰን የነደፉት ነው፤ ሁለት የፕላኔት ጥርሶች ስብስብ አንዱን የፀሐይ ጥርስ ይጋሩታል። ክፍሎቹ ጥቂትና ለማምረት ቀላል ናቸው። ቶርክፍላይት በታክሲ፣ በፖሊስ መኪናና በጭነት መኪና ላይ ተፈትኖ ስም አተረፈ፤ ከ1972 ጀምሮም የአሜሪካን ሞተርስ ኩባንያ እየገዛ ገጠመው። ቀደም ሲል በ1951 በቦርግ ዋርነር ረዳትነት ኦቶማቲክ የጀመረው ፎርድም በ1964 «ሲ 4»ን፣ በ1966 «ሲ 6»ን በሲምሰን አደረጃጀት ሠራ። ጄኔራል ሞተርስም በ1964 ያወጣው «ተርቦ ሃይድራማቲክ 400» በዚያው መሠረት ላይ የቆመ ነው። ይህንንም ሮልስሮይስና ጃጓር፣ በ1976ም ፌራሪ እየገዙ በመኪናቸው ላይ አዋሉት።

እንግዲህ በ1960ዎቹ ማብቂያ ሦስቱ ባላንጣዎች በጥርስ አደረጃጀት አንድ ሆነዋል ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱን የፈጠረው የዲስኮቹ ስፋት፣ የዘይቱ ዓይነትና፣ ከሁሉም በላይ፣ ካምቢዮው የሚገጠምበት መኪና ምርጫ ነው። ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሚሆነው «ተርቦ ሃይድራማቲክ 200» ነው። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ክብደትና ነዳጅ መቆጠብ ሲያስፈልግ በ1976 የወጣው ይህ ቀለል ያለ ካምቢዮ፣ ለትንንሽ መኪናዎች ብቻ ሳይሆን ለከባዶቹም ተገጠመ። የብልሽቱ አቤቱታ ስለበዛ በ1980 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ኩባንያውን ከሰሰ፤ በ1983ም የካምቢዮውና የሌሎች ሁለት የሞተር ክፍሎች ቅሬታ ያላቸው ባለቤቶች በሽምግልና ዳኝነት እንዲያገኙ ስምምነት ተደረገ። የ400ውን ዝና የገነባውና የ200ውን ክስ ያስከተለው ያው አንድ ኩባንያ ነው።

በፎርድ በኩል የተነሣው ነገር ሌላ መልክ ነበረው። ማቆሚያው ላይ የተተወ ማርሽ በራሱ ተንሸራትቶ መኪናው ወደ ኋላ ይሄዳል የሚል ቅሬታ በዝቶ፣ ጉዳዩ ለትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ቀረበ። በ1980 መጨረሻ መኪናዎቹን ወደ ጋራዥ በመጥራት ፈንታ፣ 23 ሚሊዮን ለሚሆኑ መኪናዎች ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ተለጣፊ ወረቀት እንዲላክ ስምምነት ላይ ተደረሰ። እነዚያ ካምቢዮዎች በጥንካሬያቸው የሚታሙ አልነበሩም፤ ነገር ግን በቆመ መኪና ኋላ ልጁ የሚጫወትበት አባት ስለአስተማማኝነት ሲጠይቅ፣ መልሱን የሚፈልገው ከዲስክ ዕድሜ አይደለም።

የዘይቱ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው የሚተረክ ነው። ዲስኮቹ ሲያዙ እንዳይንተከተኩ በካምቢዮ ዘይት ውስጥ ለብዙ ጊዜ ይጨመር የነበረው ከዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ይህን ስትከለክል ቀማሚዎቹ ምትክ ፍለጋ ብዙ ደክመዋል። ከዚያም የየኩባንያው ዘይት እየተለያየ ሄደ። ክራይዝለር በ1989 ሞዴል መኪናዎቹ ላይ «አልትራድራይቭ» የተባለውንና በኮምፒዩተር የሚታዘዘውን ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ሲያወጣ፣ የራሱ ልዩ ዘይት ያስፈልገው ነበር። ይሁን እንጂ ለባለቤቱ የተሰጠው መመሪያ የጄኔራል ሞተርሱ ዴክስሮንም ሊያገለግል እንደሚችል የሚያስመስል ነበር። ብዙ መካኒኮች ዴክስሮን ጨመሩበት፤ ካምቢዮውም ተንቀጠቀጠ፣ ዲስኮቹ ተበሉ። ኩባንያው ክፍሎቹንም የኮምፒዩተሩንም ትእዛዝ በየጊዜው ሲያሻሽል፣ መመሪያውንም ሲያርም ዓመታት አለፉ። በእነዚያው ዓመታት የሠላሳ ዓመቱ የቶርክፍላይት ዘር በዚያው ኩባንያ የጭነት መኪናዎች ወለል ሥር ሥራውን ቀጥሎ ነበር።