ጓሮ በር ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ

ከውጭ አገር የመጣ አንድ ሙዚቀኛ ለማነጋገር ከአዳራሹ ጓሮ ቆመን ያመሸንበት ጊዜ ነበር። ዘበኛው አንዴ «ቆዩ» አንዴ «ሂዱ» ሲለን አምሽቶ በመጨረሻ አስገባን። ሰውየው ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ላቡ ገና ሳይደርቅ፣ «እሺ፣ ጠይቁኝ» አለን። ሦስት ገጽ ሙሉ ጥያቄ ጽፈን ነው የሄድነው፤ ከአፋችን የወጣው ግን «ከተማችንን እንዴት አገኟት?» የሚል ሆነ። «በጣም ጥሩ ናት» አለን። በቃ፤ ጊዜያችሁ አለቀ ተባልንና ወጣን።

መንገዱን ሁሉ እርስ በርሳችን ስንተራረብ መጣን፤ ይሁን እንጂ ነገሩ ከነከነን። ለመሆኑ ከመድረክ በስተጀርባ ገብቶ ዘፋኝን መጠየቅ ለምን ይበጃል? ቁም ነገር ጠይቆ ቁም ነገር ያገኘ ሰውስ አለ ወይ? ይህን ስናገላብጥ የደረስነው በ1964 (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ቢትልስ የሚባሉት አራት የሊቨርፑል ልጆች በአሜሪካ ካደረጉት ጉዞ ላይ ነው። «ስለ ቢትልስ ደግሞ ምን ያልተባለ ነገር አለ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። እኛ የምናነሣው ግን የዘፈኑን ሳይሆን የጓሮ በሩን ታሪክ ነው።

በዚያን ዘመን ለቦክስ፣ ለበረዶ ሆኪና ለከብት ትርዒት የተሠራ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አራት ልጆች ጊታርና ከበሮ ይዘው የሚዘፍኑበት ወግ ገና አዲስ ነበር። በአሜሪካ የመጀመሪያውን ዝግጅታቸውን ያቀረቡት ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1964 ዋሽንግተን ኮሊሲየም ውስጥ ሲሆን፣ መድረኩ እንደ ቦክስ ሜዳ መካከል ላይ ስለ ነበረ በየጥቂት ዘፈኑ ዞር እያሉ ለሌላው ወገን ፊታቸውን ማሳየት ነበረባቸው። የሪንጎ ስታር ከበሮ ሳይቀር ከነመቆሚያው ይዞር ነበር። እዚያ ምሽት ላይ ደግሞ የከረሜላ ዝናብ ወረደባቸው። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ቃለ መጠይቅ ነው! ጆርጅ ሃሪሰን እንግሊዝ አገር ሳሉ ጄሊ ቤቢ የሚባለውን ለስላሳ ከረሜላ እንደሚወድ ለጋዜጠኛ ተናግሮ ነበር። የአሜሪካ ልጆች ይህን ሰምተው መወርወር ጀመሩ፤ የእነሱ አገር ከረሜላ ግን ጄሊ ቢን የሚሉት፣ ቅርፊቱ የደደረ፣ ጠጠር የመሰለ ነው። በዘበት የተመለሰች አንዲት የጓሮ መልስ ድንጋይ ሆና ተመለሰች ማለት ነው።

ትልቁ ጉዞ የተጀመረው ኦገስት 19 ቀን 1964 ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ካው ፓላስ በሚባል አዳራሽ ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የላም ቤተ መንግሥት» ነው፤ እንዲያው ለቀልድ ያወጣነው አይደለም፣ የተሠራው በእርግጥ ለከብት ትርዒት ነበር። 17,000 ያህል ሰው ገባ። ልጆቹ የሚዘፍኑት ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ሰዓት ሁሉ በር ተዘግቶባቸው የሚቀመጡበት ነበር፤ በሆቴል ክፍል፣ በአውሮፕላን፣ ከመድረኩ ጀርባ ባለው ልብስ መለወጫ። ጋዜጠኛ የሚያገኛቸው እዚያ ነው። ጥያቄው ታዲያ አንድ ዓይነት ነበር። ጸጉራችሁን መቼ ትቆረጣላችሁ? ይህ ሁሉ ጋጋታ ያለቀ ቀን ምን ትሆናላችሁ? እነሱም ነገሩን ወደ ጨዋታ እየለወጡ ይመልሳሉ፤ ጋዜጠኛው ይስቃል፤ በማግሥቱ ጸጉራቸው ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የእኛም «ከተማችንን እንዴት አገኟት» የዚሁ ዘር ነች።

ከነዚህ ጋዜጠኞች መካከል ላሪ ኬን የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ነበር። በማያሚ ከተማ የአንድ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ የዜና ኃላፊ ነው። ቡድኑ ፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር ጃክሰንቪል ከተማ ሲመጣ ላነጋግራቸው ብሎ ለሥራ አስኪያጃቸው ለብራያን ኤፕስታይን ጻፈ። መልሱ ያልጠበቀው ሆነ፤ ጉዞውን በሙሉ አብረኸን ሂድ ተባለ። እሱ ግን አልተደሰተም። ያ በጋ የጥቁሮች የመብት ትግል የጋለበት፣ የቪየትናም ጦርነት እየከፋ የሄደበት ነው፤ እንዲህ ያለ ዜና ትቶ ከዘፋኝ ኋላ መከተል ውርደት መሰለው። ኧረ እኛስ ብንሆን ምን እንል ነበር?

ይሁንና ንቀቱ ሳይጠቅመው አልቀረም። ለጸጉርና ለጫማ ግድ ስላልነበረው የሚያውቀውን ጠየቀ። ጃክሰንቪል ጌተር ቦውል በተባለው ስታዲየም ጥቁሮችና ነጮች ተለያይተው ይቀመጣሉ የሚል ወሬ ነበር፤ ይህን አነሣባቸው። የመድልዎ መከልከያው ሕግ የተፈረመው ጁላይ 2 ቀን 1964፣ ማለት ጉዞው ሊጀመር ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። ሕግ ወጣ ማለት ደግሞ ልማድ ቀረ ማለት አይደለም። በዚያችው ጃክሰንቪል ኦገስት 27 ቀን 1960፣ ምግብ ቤት ገብተው ከነጮች ጎን ለመቀመጥ የጠየቁ ጥቁር ወጣቶችን የነጭ አድመኞች በመጥረቢያ እጀታ ደብድበዋቸዋል። ቀኑ እስከ ዛሬ «የመጥረቢያ እጀታ ቅዳሜ» ይባላል። ከተደበደቡት ብዙዎቹ የእኛ እኩዮች ወይም ከእኛ ያነሱ ነበሩ።

ፖል ማካርትኒ ለኬን የመለሰው መልስ በቴፕ ቀርቷል። ሰውን በቀለሙ መለያየት እብደት መስሎ እንደሚታየው ነገረው። ንግግሩ የፖለቲካ ሰው ንግግር አይደለም፤ እንዲያውም ጥያቄው ራሱ ግር ያለው ሰው ይመስላል። ሴፕቴምበር 6 ቀን ግን ቡድኑ ጥቁሮች በፈለጉበት ካልተቀመጡ አንዘፍንም የሚል መግለጫ አወጣ። መግለጫው የመጣው ከኬን ጥያቄ ብቻ ነው ብለን አንሟገትም። ነገር ግን ሌላው ሁሉ ስለ ጸጉር ሲጠይቅ ያ ጥያቄ ባይቀርብላቸው ኖሮ፣ አራቱ የባሕር ማዶ ልጆች ስታዲየሙ ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥ ማወቃቸውን እንጠራጠራለን። ከመድረክ ላይ ሆኖ መብራት ዓይን ሲመታ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነው።

ሴፕቴምበር 11 ደረሰ። ዶራ የሚባል አውሎ ነፋስ ከአንድ ቀን በፊት አካባቢውን መትቶ መብራት ጠፍቷል፣ መንገድ ተበላሽቷል፤ ቡድኑም በነፋሱ የተነሣ ኪ ዌስት ወደተባለች ደሴት ዞሮ ሰንብቶ ነው የመጣው። ቲኬት ገዝተው መምጣት ያልቻሉ ሺሕ ሰዎች ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ከ20,000 የሚበልጥ ሕዝብ ገባ። ነፋሱ አሁንም ስላልበረደ የሪንጎ ከበሮ ወለሉ ላይ በምስማር ተመታ። ሕዝቡ ተደባልቆ ተቀመጠ። ኪቲ ኦሊቨር የምትባል ያኔ ተማሪ የነበረች ጥቁር ልጅ፣ በኋላ የታሪክ ሊቅ ሆና፣ በ2016 በወጣው የሮን ሃዋርድ ፊልም ላይ ያን ቀን አንስታ ትናገራለች። ለእሷ የማታው ትልቁ ነገር ዘፈኑ ብቻ አይደለም፤ በነጮች መካከል ተቀምጣ አብራ መጮኋ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ኦገስት 31 ቀን እዚያው የላም ቤተ መንግሥት ሲመለሱ ነገሩ ከቃል ወደ ወረቀት አልፏል። ውሉ 40,000 ዶላር እንዲከፈላቸው ይደነግግና፣ ተመልካች በዘር በተለየበት ቦታ እንዲጫወቱ አይገደዱም ይላል።

የጓሮ ወሬ ግን ሁልጊዜ በመልካም አይመለስም። ማርች 4 ቀን 1966 ሞሪን ክሊቭ የተባለች ጋዜጠኛ ጆን ሌነንን በቤቱ አነጋግራ ኢቭኒንግ ስታንዳርድ ላይ ጻፈች። ከረዥሙ ጨዋታ ውስጥ ቢትልስ ከኢየሱስ ይልቅ ታዋቂ ሆነናል የምትል አነጋገር ነበረች። እንግሊዝ አገር ማንም ጉዳዬ አላላትም። በጁላይ መጨረሻ ዴትቡክ የሚባል የአሜሪካ የወጣቶች መጽሔት ደግሞ አወጣት፤ እሳት ተነሣ፣ ሸክላቸው ተቃጠለ። የሚገርመው፣ እዚያው መጽሔት ሽፋን ላይ ፖል አሜሪካ ጥቁሮችን የምትይዝበትን መንገድ በመረረ ቃል ሲወቅስ ሰፍሯል፤ ጩኸቱ ሁሉ የወረደው ግን በሌነን ላይ ነው። ሌነን ኦገስት 11 ቀን ቺካጎ ላይ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ሊያብራራና ይቅርታ ሊጠይቅ ተገደደ። ኦገስት 19 ቀን ሜምፊስ ላይ ሲጫወቱ ከሕዝቡ መካከል ርችት ፈነዳ፤ ጥይት መስሏቸው ማን ተመታ ብለው እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ከዚያ ወዲህ ቲኬት ተሸጦላቸው የዘፈኑት ጥቂት ቀን ነው። የመጨረሻው ኦገስት 29 ቀን 1966 ሳን ፍራንሲስኮ፣ ካንድልስቲክ ፓርክ፣ ነፋስ በበዛበት የቤዝቦል ሜዳ ሆነ። የስታዲየሙ ወንበር ሁሉ አልሞላም። ፖል የፕሬስ ኃላፊያቸውን ቶኒ ባሮውን ማታውን በቴፕ እንዲቀዳ ጠይቆት ነበርና፣ ሰውየው ሜዳው ላይ ቆሞ ትንሿን መቅረጫ ወደ ድምፅ ማጉያው አቅንቶ ያዘ። ዐሥራ አንደኛው፣ የመጨረሻው ዘፈን መካከል ላይ ሲደርስ የካሴቱ አንደኛ ገጽ አለቀ።