አድማጭ ሲበዛ የሚከብድ ሬዲዮ

የሬዲዮ ማሰራጫ ሞገዱን አንዴ ከለቀቀ፣ በአዳማም ይሁን በሞጆ ወይም በባቱ የሚያደምጠው አንድ ሰው ቢሆን መቶ ሺህ የጣቢያው ወጪ አይለወጥም። በኢንተርኔት የሚተላለፍ ድምፅ ግን ተቃራኒ ነው። እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ቅጂ ከሰርቨሩ ስለሚስብ፣ በሴኮንድ 64 ኪሎ ቢት የሚወስድ ፕሮግራም ለአንድ ሺህ ሰው ሲደርስ 64 ሜጋ ቢት መስመር ይበላል። የኢንተርኔት ሬዲዮን ታሪክ ከጅምሩ እስከ ዛሬ የቀረፀው ይህ ሸክም ነው። ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች አድማጭም የተሻለ የሚመቸው ከቀጥታ ስርጭት ይልቅ ተቀድቶ የሚቀመጠው ድምፅ ነው ብዬ የምከራከረው ከዚሁ ተነስቼ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካዊው ካርል ማላሙድ «ኢንተርኔት ቶክ ሬዲዮ»ን ሲጀምር ያቀረበው ቀጥታ ስርጭት ሳይሆን የሚወርድ ፋይል ነበር። የግማሽ ሰዓት ዝግጅት 15 ሜጋ ባይት ገደማ ይመዝናል፤ በሴኮንድ 14.4 ኪሎ ቢት በሚያስተላልፍ ሞደም ለማውረድ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። በኅዳር 1994 የሰሜን ካሮላይና ተማሪዎች ጣቢያ ደብልዩ ኤክስ ዋይ ሲ ስርጭቱን በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ለቀቀ። በሚያዝያ 1995 የወጣው ሪል ኦዲዮ ድምፁን ለዚያ ቀጭን መስመር እስኪበቃ አጭቆ፣ ጥቂት ሴኮንዶችን አስቀድሞ እያጠራቀመ፣ ፋይሉ ወርዶ ሳያልቅ ማሰማት ቻለ። በመንገድ የጠፋ የድምፅ ቁራሽ እንደገና ቢላክ ጊዜው ስለሚያልፍበት ይዘለላል። ፍጥነቱ የተገኘው ጥራት ተከፍሎበት ነው።

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር መስመሩ የስልክ ሽቦ ነበር። ስለዚህም የውጭ ድምፅ ወደ አገር ቤት የሚገባው ለረጅም ጊዜ በሌላ በር ነው፤ የዶይቼ ቬለም ሆነ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ፕሮግራሞች በአጭር ሞገድ ይደመጡ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ሚኒያፖሊስ ላይ የተቋቋመው የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ እንኳ ኢንተርኔቱን ብቻ ተማምኖ አልተነሳም፤ በሳተላይትም አሰራጭቷል።

ዛሬ አራተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ተስፋፍቷል፣ ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶም ሁለተኛ ኦፕሬተር ሥራ ጀምሯል፤ ታዲያ ችግሩ አልተፈታም ወይ? የሚል ይኖራል። መስመሩ ሰፍቷል፤ ሂሳቡ ግን አልጠፋም፣ ወደ አድማጩ ፓኬጅ ዞሯል እንጂ። በ64 ኪሎ ቢት የሚደመጥ አንድ ሰዓት 29 ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል። በዚያ ላይ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የአገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ቀጥታ ስርጭትን በዚሁ መስመር ብቻ ይከታተል የነበረ አድማጭ ጆሮው ተዘግቷል። አስቀድሞ ስልኩ ላይ ያወረደው ትረካ ግን አብሮት ነበር።

ፋይል ትኩስነትን ያሳጣል የሚለው ተቃውሞ ለእግር ኳስና ለሰበር ዜና ትክክል ነው፤ ለእነዚህ ሞገዱ አለ። ትረካ፣ ውይይት፣ የጤናና የእርሻ ምክር ግን በማግስቱም ይደመጣሉ። ቴሌግራም ለድምፅ መልእክት በሚጠቀምበት በኦፐስ ቴክኖሎጂ ንግግር በ24 ኪሎ ቢት ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የአንድ ሰዓት ፕሮግራምም 11 ሜጋ ባይት ብቻ ይሆናል። አንዱ አውርዶ በብሉቱዝ ወይም በሚሞሪ ካርድ ለጎረቤቱ ሲያቀብል ሁለተኛው አድማጭ ምንም አይከፍልም። እንግዲህ እንደ ኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ አዳማን ዋና መቀመጫቸው ያደረጉ ጣቢያዎች ከቀጥታ ስርጭቱ ጎን እያንዳንዱን ዝግጅት በቀላል ፋይል ቢለቁና መዝገቡን ለሕዝብ ክፍት ቢያደርጉት፣ አድማጭ ሲበዛ የሚከብደው ሬዲዮ በአድማጮቹ ብዛት ይቀልለታል።