ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን፦ ለመኪናችን፣ ለኪሳችንና ለዲናችን ማወቅ ያለብን



በልደታና በአካባቢው ጋራዦች የመኪናቸውን ጉልበት ማሳደግ የሚፈልጉ ወጣቶች ስለ ኢታኖል ደጋግመው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው «ይገኛል ወይ? ለሞተሬስ ይስማማል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ኢታኖል አልኮል አይደለም ወይ? ታዲያ ለሙስሊም እንዴት ይሆናል?» የሚል ነው። ሁለቱንም በየተራ እንመልከት።

ኢታኖል ምንድን ነው?

ኢታኖል ስኳር ወይም ስታርች ካለው ተክል ተብላልቶና ተጣርቶ የሚገኝ አልኮል ነው። በአገራችን የሚመረተው ስኳር ከተመረተ በኋላ ከሚተርፈው ሞላሰስ ነው። ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል «ኢ» በሚል ፊደልና በቁጥር ይገለጻል። ኢ5 ማለት 5 በመቶ፣ ኢ10 ማለት 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ነው። በአሜሪካ የሚሸጠው ኢ85 እንደ ወቅቱ ከ51 እስከ 83 በመቶ ኢታኖል ይይዛል።

በኢትዮጵያ ያለው ታሪክ

መንግሥት የባዮፊውል ስትራቴጂ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። ዋናው ዓላማ ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ መቀነስ ነው። በ2001 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ 5 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን በአዲስ አበባ መሸጥ ተጀመረ። ኢታኖሉ የመጣው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሲሆን፣ ቅልቅሉን የጀመረው ናይል ፔትሮሊየም በሱሉልታ ዴፖው ነበር። በ2003 ዓ.ም መጋቢት ላይ መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። የመተሐራ ስኳር ፋብሪካም ኢታኖል ማምረት ጀመረ።

ቅልቅሉ የስኳር ፋብሪካዎቹን ምርት ተከትሎ የሚሄድ በመሆኑ ሞላሰስ ሲያጥር ኢታኖሉም ያጥራል። ስለዚህ ከአንድ ማደያ ዛሬ የቀዳነው ቤንዚን ኢታኖል አለበት ብለን ልንደመድም አንችልም፤ የለበትም ብለንም እንዲሁ። ኢ85 ግን በአገራችን ማደያዎች የሚሸጥ ነዳጅ አይደለም።

ኢታኖል መኖሩን እንዴት እንለያለን?

ሚሊ ሊትር የተጻፈበት ጠባብ የብርጭቆ መለኪያ ያስፈልጋል። 10 ሚሊ ውሃና 90 ሚሊ ቤንዚን ጨምረን፣ ከድነን እንነቀንቀውና ለ10 ደቂቃ እናስቀምጠዋለን። ኢታኖል ከቤንዚን ይልቅ ውሃን ስለሚወድ ወደ ውሃው ይወርዳል። ከታች ያለው ውሃ 10 ሚሊ ላይ ከቆየ ኢታኖል የለም። ወደ 18 ሚሊ ገደማ ከፍ ካለ ግን ቤንዚኑ ኢ10 ገደማ ነው። ውጤቱ ግምታዊ ነው። ሥራው ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ በደጅ መሠራት አለበት።

ጉልበት ለጨመሩ መኪኖች ምን ይጠቅማል?

ኢታኖል የኦክቴን መጠኑ ከፍተኛ ነው፤ ሲተንም ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። በዚህ ምክንያት ቱርቦ ያለው ወይም ከፍተኛ ኮምፕሬሽን ያለው ሞተር ሳያንኳኳ የበለጠ ጉልበት እንዲሰጥ ያደርጋል።

ጉዳቱ ደግሞ እነሆ፦

- በአንድ ሊትር ያለው ኃይል ከቤንዚን በሲሶ ገደማ ያንሳል። በኢ10 ልዩነቱ 3 በመቶ ገደማ ስለሆነ ብዙም አይሰማም። በኢ85 ግን ፍጆታው ከ25 እስከ 30 በመቶ ሊጨምር ይችላል።
- 1 ኪሎ ቤንዚን ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ ኢታኖል 9 ኪሎ ብቻ። ስለዚህ ኢታኖሉ ሲበዛ ትልቅ ኢንጀክተር፣ ጠንካራ የነዳጅ ፓምፕና በኮምፒውተር የተስተካከለ ቅንብር የግድ ነው። ይህ ሳይደረግ ቢቀዳ ነዳጁ ያንሰዋል፤ ሞተሩም ይጋልና ፒስተን እስከ ማቅለጥ ሊደርስ ይችላል።
- ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ጎማ ቱቦና ጎሚኒ ኢታኖልን ላይቋቋም ይችላል። ታንክ ውስጥ የቆየ ቆሻሻንም አጥቦ ፊልትሮ ይዘጋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው መኪና ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ሞተሩ የማንኳኳት ዕድሉም ስለሚቀንስ፣ ለተራ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ከፍተኛ ኦክቴን ፍለጋ መድከም ብዙም ትርፍ የለውም። ቀድሞ ካንዴላን፣ ፊልትሮንና ኢንጀክተርን ማጽዳት ወይም መቀየር ይበልጣል።

ከሁሉም በላይ የእጅ ማጽጃ ሳኒታይዘር ወይም የፋርማሲ አልኮል ወደ ታንክ መጨመር አደገኛ ነው። 70 በመቶ አልኮል ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነው። ኢ10 ግማሽ በመቶ ገደማ ውሃ ሲገባበት ኢታኖሉና ውሃው ተለይተው ከታች ይዘቅጣሉ፤ ፓምፑም ቤንዚን ሳይሆን እሱን ይስባል። በጋራዥ ውስጥ በጀሪካን የሚቀመጥ የኢንዱስትሪ አልኮል ደግሞ ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል። ሜታኖል ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም።

የዲኑ ጥያቄ

የሱረቱል ማኢዳህ 90ኛ አንቀጽ ኸምርን ርክስ ብሎ እንድንርቀው ያዛል። በኸምር ጉዳይ አሥር ሰዎች መረገማቸውን የሚናገረው ሐዲስም የሚጠምቀውን፣ የሚሸከመውንና የሚሸጠውን ጭምር ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳዑዲያዊው ሸይኽ ሙሐመድ አን-ኑጀይሚ ይህንን ሐዲስ መነሻ አድርገው የኢታኖል ነዳጅን ሙስሊሞች እንዲጠነቀቁት አሳስበዋል። ያሉት ግን የግል እይታቸው እንጂ ይፋዊ ፈትዋ እንዳልሆነ አብረው ገልጸዋል።

በሌላ በኩል ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ነገሩን በአጠቃቀሙ ያዩታል። ኢ10 መጠጥ አይደለም፤ የሚጠጣው ሰው መርዝ ጠጣ እንጂ አስካሪ ጠጣ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1995 በኩዌት የተካሄደው የእስላማዊ ሕክምና ሳይንስ ድርጅት ሴሚናር አልኮል በራሱ ነጃሳ አይደለም የሚል ውሳኔ ላይ ደርሷል።

በመዝሀቦች ዘንድም ልዩነት አለ። በሻፊዒዮች ዘንድ አስካሪ ፈሳሽ ሁሉ ነጃሳ ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋና አቡ ዩሱፍ ግን ከወይንና ከተምር ውጭ የተሠራውን በነጃሳነት ከኸምር ጋር እኩል አያደርጉትም፤ ሞላሰስ በዚህ ውስጥ ይገባል። ይህ ልዩነት ግን አስካሪን መጠጣት ሐላል ነው ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

በተግባር ሦስት ነጥቦችን እንያዝ፦

1. በቀዳነው ቤንዚን ውስጥ ኢታኖል መኖሩን ካላወቅን መሠረቱ ንጹሕነት ነው። ለሶላት ብለን ነዳጅ የመመርመር ግዴታ የለብንም።
2. የማደያ ሠራተኛና መካኒክ ኢታኖል መኖሩን ካወቀና የሻፊዒይን መዝሀብ የሚከተል ከሆነ፣ ከሶላት በፊት የነካውን አካልና ልብስ ይጠብ። ሌላውም ቢያጥብ ከኺላፍ መውጣት ነው፤ ለጤናውም ይበጀዋል።
3. ንጹሕ አልኮል «ለመኪና» ብሎ ገዝቶ ለመጠጥ ጠማቂ ማሳለፍ ጥርጥር የሌለው ሐራም ነው። ንጹሕ ኢታኖል ነግዶ መተዳደር የሚፈልግም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ፤ የሽያጭ ብይን ከአጠቃቀም ብይን ይጠብቃልና።

ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በእጃችን ያሉት መኪኖች ለብዙ ዓመታት ያገለግላሉ። መኪናም አማና ነው። ለጊዜያዊ ፍጥነት ብሎ ሞተርን ማቃጠልም ሆነ በሰፈር መንገድ ላይ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ መጣል አማናን መብላት ነው።

ወላሁ አዕለም።