የፈቃድ ስህተት (ሶፍትዌር ሲጫን)

የፈቃድ ስህተት ማለት አንድ ፕሮግራም በኮምፒዩተር ላይ ሲጫን፣ ሲዘምን ወይም ሲወገድ ስርዓተ ክወናው ሥራውን ከልክሎ የሚያስቆምበት ሁኔታ ነው። በዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ»፣ በሊነክስና በማክኦኤስ ደግሞ «ፐርሚሽን ዲናይድ» በሚል መልእክት ይታያል። ስህተት ይባል እንጂ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ በአብዛኛው ጥበቃው እንደታሰበው ሠርቷል ማለት ነው።

አስቸጋሪ የሚያደርገው መልእክቱ አጭር መሆኑ ነው። ማን እንደከለከለ አይናገርም፤ ከልካዩ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። የተጠቃሚው አካውንት፣ የፎልደሩ ባለቤትነት፣ ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ሌላ ፕሮግራም፣ ጸረ ቫይረስ፣ አንዳንዴም የፎልደሩ ስም የተጻፈበት ፊደል ተመሳሳይ ወይም ተቀራራቢ መልእክት ያስወጣሉ። ስለዚህ «በአስተዳዳሪነት አስነሳው» የሚለው የተለመደ ምክር አንዳንዱን ችግር ይፈታል፣ አንዳንዱን ከነጭራሹ አይነካውም፣ አንዳንዱን ደግሞ ያባብሰዋል። መፍትሔ ከመሞከር በፊት ከልካዩን መለየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የፈቃድ ሥርዓት አመጣጥ

የዛሬዎቹ የፋይል ፈቃዶች ብዙ ሰዎች አንድ ኮምፒዩተር ይጋሩ ከነበረበት ዘመን የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ ቤል ላብስ በሠሩት ዩኒክስ እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት ነበረው። ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌሎች ሰዎች ማንበብ፣ መጻፍና ማስኬድ ለየብቻ ይፈቀዳል ወይም ይከለከላል። ከሁሉም በላይ «ሩት» የሚባል፣ እነዚህ ክልከላዎች የማይዙት ተጠቃሚ አለ።

ይህ ጥያቄ አስነሳ፦ ተራ ተጠቃሚ የሩት የሆነውን የይለፍ ቃል ፋይል ሳይነካ የራሱን የይለፍ ቃል እንዴት ይቀይራል? ሪቺ ያመጣው መልስ አንድ የተወሰነ ፕሮግራም ማንም ቢያስነሳው በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርግ ምልክት ነበር። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1979 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ደግሞ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር በኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ በቡፋሎ ሱዶ የተባለውን ፕሮግራም ጻፉ። ሱዶ አንድን ትእዛዝ ብቻ በሩት ሥልጣን ለማስኬድ ያስችላል፤ በሊነክስና በማክ ዛሬም በየቀኑ ይሠራበታል።

የቤት ኮምፒዩተር ግን በሌላ መንገድ ነው ያደገው። ኤምኤስ-ዶስ፣ ዊንዶውስ 95 እና ዊንዶውስ 98 «አንድ ሰው፣ አንድ ማሽን» በሚል አስተሳሰብ የተሠሩ ናቸው፤ ይጠቀሙበት የነበረው ፋት የተባለው የፋይል ሥርዓት የፋይልን ባለቤት የሚመዘግብበት ቦታ እንኳ አልነበረውም። ማንኛውም ፕሮግራም የፈለገውን ፋይል መሰረዝ ይችል ነበር። ለድርጅቶች የተዘጋጀው ዊንዶውስ ኤንቲ ግን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ኤንቲኤፍኤስ የተባለውንና ዝርዝር ፈቃድ የሚይዘውን የፋይል ሥርዓት ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ይህን ቴክኖሎጂ ወደ ቤት አስገባ፤ ሆኖም በቤት ኮምፒዩተር ላይ በመጀመሪያ የሚፈጠሩት አካውንቶች አስተዳዳሪዎች ስለነበሩ ክልከላው በተግባር አልታየም። ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ያሻቸው ቦታ መጻፉን ቀጠሉበት።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ በቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ነው። ዩኤሲ በተባለው አሠራር መሠረት የአስተዳዳሪ አካውንት ያለው ሰው የሚያስነሳቸው ፕሮግራሞች እንኳ በተራ ፈቃድ ይሠራሉ፤ ከፍ ያለ ፈቃድ ሲፈለግ ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ ጥያቄ ይቀርባል። ጥያቄው ስለበዛ ብዙ ሰው ተማረረ፣ የዘጋውም ጥቂት አልነበረም። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በ2009 ጥያቄውን ቀነሰ፤ መሠረታዊው አሠራር ግን እስካሁን ያው ነው።

በዊንዶውስ ላይ

በመጀመሪያ የሚታየው የአካውንቱ ዓይነት ነው። የዩኤሲ ጥያቄ ሲመጣ «የስ» ወይም «ኖ» ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ አካውንቱ አስተዳዳሪ ነው፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ተራ አካውንት ነው። ኮምፒዩተሩ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ከሆነ፣ ወይም ዊንዶውሱን የጫነው የጥገና ባለሙያ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ለራሱ ካስቀረ፣ መፍትሔው ያንን ሰው መጠየቅ ነው። የገዛ ኮምፒዩተሩን ለጥገና የሚሰጥ ሰው ሲረከብ ይህን የይለፍ ቃል አብሮ መቀበል ይኖርበታል።

አስተዳዳሪ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ጫኚው ፋይል ከፍ ያለውን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። አዳዲስ ጫኚዎች ራሳቸው ይጠይቃሉ። አሮጌዎቹ ስለማይጠይቁ ዊንዶውስ በግምት ይረዳቸዋል፤ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ በፋይሉ ስም ውስጥ «ሴትአፕ» ወይም «ኢንስቶል» የሚል ቃል መኖሩ ነው። (ስሙን በመቀየር ብቻ መሥራት ያቆመ ጫኚ የሚያጋጥመው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።) በፋይሉ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጎ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» የሚለውን መምረጥ ትክክለኛ መፍትሔ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

የአስተዳዳሪ ፈቃድ ለሌለው ተማሪ ሌላ መንገድ አለ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ለኮምፒዩተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ ሳይሆን ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ይጫናሉ። ፋይሎቹ «ፕሮግራም ፋይልስ» በተባለው የጋራ ፎልደር ፋንታ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጡ ፈቃድ አያስፈልግም። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ለምሳሌ እንዲህ ያለ ጫኚ አለው።

መልእክቱ አንድን ፋይል «መጻፍ አልተቻለም» የሚል ከሆነና ፕሮግራሙ ቀድሞ ተጭኖ የነበረ ከሆነ፣ ምናልባት ጉዳዩ ፈቃድ አይደለም። አሮጌው ፕሮግራም አሁንም ከበስተጀርባ እየሠራ ፋይሉን ይዞት ይሆናል። ዊንዶውስ የፈቃድ ክልከላን በስህተት ቁጥር 5፣ በሌላ ፕሮግራም የተያዘን ፋይል ደግሞ በቁጥር 32 ይለያቸዋል፤ ብዙ ጫኚዎች ግን ቁጥሩን ለተጠቃሚው አያሳዩም። ፕሮግራሙን ከታስክ ማናጀር መዝጋት ወይም ኮምፒዩተሩን ሪስታርት ማድረግ ይበቃል። ምንም የማይጎዳ ሙከራ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ቢሞከር ይመረጣል።

ከሌላ ኮምፒዩተር የወጣ ወይም ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከመጫኑ በፊት የነበረ ሃርድ ዲስክ ሌላ ዓይነት ክልከላ ያመጣል። ዊንዶውስ ሰውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን አካውንቱ ሲፈጠር በተሰጠው ረጅም መለያ ቁጥር ነው። በሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ «አልማዝ» የሚባሉ ሁለት አካውንቶች፣ የይለፍ ቃላቸው እንኳ አንድ ቢሆን፣ ለዊንዶውስ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ የግል ፎልደር ላይ ባለቤትነቱን ወደ አዲሱ አካውንት ማዛወር ተገቢ ነው። የዊንዶውስን የራሱን ፎልደሮች ግን አይመለከትም። ከቪስታ ወዲህ የብዙዎቹ ባለቤት «ትረስትድ ኢንስቶለር» የሚባል የስርዓቱ አገልግሎት ነው፤ ያንን መለወጥ በኋላ የሚመጡ ማሻሻያዎችን ሊያሰናክል ይችላል።

ጸረ ቫይረስም ይከለክላል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዊንዶውስ 10 ያለው የፎልደር ጥበቃ፣ ከተከፈተ፣ የማያውቀው ፕሮግራም «ዶክመንትስ» በመሳሰሉት ፎልደሮች ላይ እንዳይጽፍ ያግዳል። አስተዳዳሪ መሆን በዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም። በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ያለውን የጥበቃ ታሪክ ከፍቶ ምን እንደታገደ ማየትና የሚታመን ፕሮግራም ከሆነ እሱን ብቻ መፍቀድ ይቻላል።

በኢትዮጵያ ብዙ ፕሮግራም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ዲስክ ስለሚዛወር ይህ ነጥብ ክብደት አለው። ክራክ ከተደረጉ ፕሮግራሞች ጋር የሚመጣው መመሪያ ብዙ ጊዜ «በመጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን አጥፋ፣ ከዚያ በአስተዳዳሪነት አስነሳ» ይላል። እነዚህ ሁለት እርምጃዎች አንድ ላይ ሲፈጸሙ ማንነቱ ላልታወቀ ሰው ኮድ በኮምፒዩተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይሰጣሉ። በዚህ ሥልጣን የገባ ጎጂ ፕሮግራም በቁልፍ ሰሌዳ የሚጻፈውን ሁሉ፣ የባንክ የይለፍ ቃልን ጨምሮ፣ መቅዳት ወይም የመመረቂያ ጽሑፍን ከነቅጂው ቆልፎ ገንዘብ መጠየቅ ይችላል። ፕሮግራሙ በኋላ ቢወገድ እንኳ ያስገባው ነገር ላይወጣ ይችላል።

በአማርኛ የተሰየመ የተጠቃሚ ፎልደር

የአማርኛ ተጠቃሚዎችን በተለይ የሚገጥም፣ የፈቃድ ስህተት መስሎ የሚታይ አንድ ችግር አለ። በዊንዶውስ ላይ አንድ አካውንት በግዕዝ ፊደል ስም ሲፈጠር የግል ፎልደሩም በዚያው ስም ሊፈጠር ይችላል። ጫኚዎች ጊዜያዊ ፋይሎቻቸውን የሚዘረግፉት በዚህ ፎልደር ውስጥ ነው።

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትም ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ዊንዶውስ ለሌሎች ፊደላት ያዘጋጃቸው ዓይነት አሮጌ የኮድ ሠንጠረዦች ውስጥ ቦታ አልነበረውም። በመሆኑም ዩኒኮድን የማያውቅ አሮጌ ጫኚ «ሰላም» የሚለውን የፎልደር ስም ሲያነብ በፊደላቱ ፋንታ የጥያቄ ምልክቶች ያገኛል። የጥያቄ ምልክት ደግሞ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ አይፈቀድም። ጫኚውም ፋይሉን መፍጠር አቅቶት ያቆማል፤ «መጻፍ አልተቻለም» የሚለውን መልእክት ያየ ተጠቃሚም ፈቃድ የተከለከለ ይመስለዋል። ያው አካውንት በአስተዳዳሪነት ቢያስነሳውም ፎልደሩ ያው ስለሆነ ለውጥ አይኖርም።

መፍትሔው በላቲን ፊደል የተሰየመ አዲስ አካውንት ፈጥሮ ከዚያ መጫን ነው። የሚታየውን ስም በኋላ ወደ አማርኛ መመለስ ይቻላል፤ ፎልደሩ በተፈጠረበት ስም ይቀራል። በተቃራኒው የነበረውን ፎልደር ስም በእጅ መቀየር አይመከርም፤ የቀድሞው አድራሻ በዊንዶውስ ሬጅስትሪ ውስጥ ተመዝግቦ ስለሚገኝ አካውንቱ በትክክል ላይከፈት ይችላል።

በማክኦኤስ ላይ

በማክ ላይ የሚያጋጥመው ክልከላ በአብዛኛው የጌትኪፐር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣው ይህ ጥበቃ የሚመረምረው የተጠቃሚውን ሥልጣን ሳይሆን የፕሮግራሙን ሠሪ ማንነት ነው፤ ስለዚህ የይለፍ ቃል ማስገባት አያልፈውም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው ሴኮያ ጀምሮ ያልታወቀ ሠሪ ፕሮግራም ለመክፈት በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ የግላዊነትና የደህንነት ክፍል ገብቶ መፍቀድ ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የስርዓቱን ዋና ዋና ፎልደሮች ሩት እንኳ መለወጥ አይችልም።

በሊነክስ ላይ

በኡቡንቱና በመሰል ስርጭቶች በጣም የተለመደው ምክንያት አፕት የተባለውን የፕሮግራም መጫኛ ያለ ሱዶ ማስነሳት ነው። የስህተት ቁጥሩ 13 ሆኖ «ሩት ነህ ወይ?» የሚል ጥያቄ ከተከተለው ትእዛዙን በሱዶ መድገም ይበቃል። ቁጥሩ 11 ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ሌላ የመጫን ሥራ፣ ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ በራሱ የሚጀምር ማሻሻያ፣ ቁልፉን ይዞታል ማለት ነው። የቁልፉን ፋይል ሰርዝ የሚል ምክር ቢሰራጭም ሁለት ጫኚዎች በአንድ ጊዜ የፕሮግራሞቹን መዝገብ እንዲጽፉ በር ይከፍታል። ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል።

ከኢንተርኔት የወረደ ፕሮግራም «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብሎ እምቢ ሲል ብዙ ጊዜ የጎደለው የማስኬድ ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ ለማንም ያልተሰጠ ከሆነ ሩትም ፋይሉን ማስኬድ አይችልም፤ ስለዚህ ሱዶ መጨመር ፋይዳ የለውም። ሲኤችሞድ በተባለው ትእዛዝ ለዚያ አንድ ፋይል ፈቃዱን መስጠት ይበቃል። ፋይሉ በፍላሽ ላይ ካለ መጀመሪያ ወደ ቤት ፎልደር መገልበጥ አለበት፤ ብዙ ፍላሾች የሚጠቀሙት የፋት ዓይነት የፋይል ሥርዓት ይህን ፈቃድ የሚመዘግብበት ቦታ የለውም።

ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ሰዎች ደግሞ በፒፕ ወይም በኤንፒኤም ሲጭኑ ክልከላ ሲገጥማቸው ሱዶ መጨመር ይቀናቸዋል። ያኔ ከኢንተርኔት የመጣ የማይታወቅ ኮድ በሩት ሥልጣን ይሠራል። አደጋው በተግባር ታይቷል፦ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 የወጣው ኤንፒኤም 5.7.0 በሱዶ ሲነሳ የሊነክስ የስርዓት ፎልደሮችን ባለቤትነት የሚቀይር ጉድለት ነበረበት፤ የበርካታ ሰዎችን ማሽን ካበላሸ በኋላ በ5.7.1 ታረመ። ለፒፕ የሚመከረው ለየፕሮጀክቱ የተለየ ምናባዊ አካባቢ መፍጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ፒፕ በስርዓቱ ፓይተን ላይ በቀጥታ እንዳይጭን በነባሪነት ይከለክላል።

ከሁሉ የከፋው ምክር 777 የሚለው ቁጥር ነው። በሊነክስ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብለው ስለሚደመሩ 777 ማለት ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለማንም ሰው ሁሉም ነገር ይፈቀድ ማለት ነው። በስርዓቱ ፎልደሮች ሁሉ ላይ ሲታዘዝ ክልከላው ለጊዜው ይጠፋል። ነገር ግን ቁጥሩ በሱዶ ፋይል ላይ ያለውን፣ ሪቺ የፈለሰፈውን ምልክት አብሮ ይሰርዛል። ከዚያ በኋላ ሱዶ አይሠራም፤ ፈቃዶቹን ለመመለስ የሚያስፈልገው ደግሞ ሱዶ ነው። በሪከቨሪ ሁነታ ወይም ከፍላሽ በሚነሳ ሊነክስ ገብቶ ሱዶን ማዳን ይቻላል፤ የሌሎቹን በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች የቀድሞ ፈቃድ አንድ በአንድ መመለስ ግን አድካሚ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ የግል ፋይሎችን ገልብጦ ስርዓቱን እንደ አዲስ መጫን ይቀላል።